የጸደይ እመቤትና የመምህሩ ገመድ

የአንድ ሰው ዕድሜ በስተመጨረሻው ቢመዘን ምን ያህል ይደፋል? ሰማንያ ዓመት ኖሮ፣ በልቶ ጠጥቶ፣ ወልዶ ቀብሮ፣ ተቆጥቶ ታርቆ ያለፈ ሰው፣ ከኋላው የተወው ሁሉ ቢሰበሰብ እፍኝ ይሞላል? አንዱ ቤት ትቶ ያልፋል፤ አንዱ ስም፤ አንዱ ደግሞ ስሕተቱን ብቻ። ከሁሉ የሚከብደው ግን ሰው በሙሉ ልቡ ወዶ የሠራው ሥራ ስሕተት ሆኖ ሲገኝ ነው። ያን ጊዜ ፍቅሩን ከየት እናስቀምጠው? ከፍሬው ጋር ወይስ ከገለባው?

ቶኪዋ ይህን ያሰላሰለችው ተቀምጣ አልነበረም። በሰባ ሦስት ዓመቷ ወገቧን ጠፍንጋ፣ የአባቷን መጋዝ በትከሻዋ አንግታ፣ የጠጠረውን የመጋቢት በረዶ እየረገጠች ዳገቱን ስትወጣ ነው። ጫካው ዳር ስትደርስ ከዛፍ ዛፍ የተወጠረው ገመድ ጠበቃት። ገመዱ ከታሰረባቸው ዛፎች በአንዱ ላይ የእንጨት ሰሌዳ ተሰቅሏል። ጽሕፈቱ የባሏ የመምህር ሴይጎ ነው፤ በብሩሽ ተጽፎ ወፍራሙ ወፍሮ፣ ቀጭኑ ቀጥኖ፣ «የጸደይ እመቤት ትኖርበታለችና ዛፍ መቁረጥ ክልክል ነው» ይላል። መምህሩ ካረፉ አራት ወር አልፏቸዋል።

ቶኪዋ ለሰሌዳው ጎንበስ ብላ እጅ ነሣች። ከዚያም በገመዱ ሥር ሾልካ ገባችና ከመጀመሪያው የባሉጥ ዛፍ ግንድ ላይ መጋዟን አሳረፈች።

የከሰል አክሳይ ልጅ ናት። እሷ ልጅ ሳለች የመንደሯ የካሚዋራ ሰው ወይ ከሰል ያከስል ነበር፣ ወይ ከሰል ይሸከም ነበር። አባቷ ጥላማውን ተረተር ከአሥራ ስምንት ቦታ ከፍለውታል። በየዓመቱ አንዱን ክፋይ ይቆርጣሉ፤ የተቆረጠው ባሉጥ ከጉቶው አቆጥቁጦ ዳግመኛ ለመጋዝ እስኪደርስ አሥራ ስምንት ዓመት ይወስድበታል፤ ያኔ ዙሩም ገጥሞ ይመጣል። «እኛ ዛፍ አንገድልም፤ ጠጉሩን ነው የምንላጨው» ይሉ ነበር አባቷ። በተላጨው ቦታ በሚቀጥለው ጸደይ ፀሐይ መሬት ትነካለች። ካታኩሪ የሚሏት አንገቷን የደፋች ሐምራዊ አበባ ከበረዶው ውኃ ሥር ብቅ ትላለች፤ የዱር ዝንጅብል ልብ የመሰለ ቅጠሉን መሬት ላይ ይዘረጋል። የጸደይ እመቤትም የምትመጣው ያን ጊዜ ነው።

ቢራቢሮ ናት፤ ቢጫ ክንፏ ላይ ጥቁር ጥቁር መስመር ተሰምሮባታል፤ ከኋላ በኩል ቀይና ሰማያዊ ጠብታ፣ አጠር ያለች ጅራትም አላት። ዘመዶቿ፣ እነዚያ ትልልቆቹ ባለጅራት ቢራቢሮዎች፣ በጋውን ሙሉ በየጓሮው ሲዞሩ ይውላሉ። እሷ ግን ኩሩ ናት። በዓመት አንዴ፣ በረዶው በቀለጠ ሰሞን፣ ሦስት ሳምንት ለማይሞላ ጊዜ ትታይና እንቁላሎቿን ከዝንጅብሉ ለጋ ቅጠል ሥር ለጥፋ ትጠፋለች። ልጆቿ ቅጠሉን እንደ አንድ ቤተሰብ አብረው ይበሉና ሰኔ ላይ ከረገፈው ቅጠል መሀል ተሸፋፍነው አሥር ወር ይተኛሉ።

ሴይጎ ወደ ካሚዋራ የመጡት የትምህርት ቤቱ የሳይንስ መምህር ሆነው ነው። በመጡ በመጀመሪያው ጸደይ የቶኪዋን አባት የከሰል ማክሰያ ምድጃቸው ድረስ ሄደው ስለዚህች ቢራቢሮ ጠየቋቸው። ሽማግሌው ጭስ ያቀላውን ዓይናቸውን እንኳ ሳያነሡ «ልጅቷን ጠይቃት፤ እሷ ሥራ ስትፈታ የምታየው እሱን ነው» አሏቸው። ቶኪዋም ፊቷ ጥላሸት እንደለበሰ ይዛቸው ወጣች። ከአንዲት አበባ ላይ ቢራቢሮዋ አርፋ ነበር። ከከተማ የመጣው ሰው በዚያ በነጭ ሱሪው ጭቃ ላይ ተንበረከከ። ትንፋሹን ውጦ፣ እንባው በአፍንጫው እየወረደ፣ ቢራቢሮዋ እስክትነሣ ድረስ አልተንቀሳቀሰም። ቶኪዋ ያን አይታ አገባቻቸው። ኋላ ኋላ ጎረቤቷ ሚትሱ «ምናቸውን ወደሽ ነው?» ስትላት፣ «ለእኔማ አንድ ቀን አልተንበረከኩም፤ ለትል እናት የሚንበረከክ ወንድ ግን ክፉ አይሆንም ብዬ ነው» ትል ነበር።

ክፉም አልነበሩም። ጥፋታቸው ሌላ ነው።

ጋዝ በየቤቱ ሲገባ ከሰል የሚገዛ ጠፋ። ምድጃዎቹ ተደረመሱ፤ መጋዞቹ ጣሪያ ሥር ተሰቀሉ። ባሉጡ ሽቅብ አደገና ጫፍ ለጫፍ ገጠመ። ሰዉ ሁሉ «ጫካችን እንዴት አማረ!» አለ። አንድ ክረምት ላይ የእንጉዳይ ማብቀያ ግንድ የሚፈልጉ ሰዎች መጥተው ከተረተሩ ግርጌ ጥቂት ዛፎችን ሲቆርጡ፣ መምህር ሴይጎ ሰው የሞተ ያህል ደነገጡ። መንደሩን በአዳራሹ ሰበሰቡ። ጫካው በርስትነት የቶኪዋ ቢሆንም ቢራቢሮዋ የሁሉም ናትና፣ ተረተሩን በገመድ አጥረን አንድም ዛፍ አይቆረጥ አሉ።

ቶኪዋ ያን ዕለት ከሌሎቹ ሴቶች ጋር ሻይ ስታቀርብ ነበር። ትሪውን እንደያዘች ከበሩ ላይ ቆመችና፣

«ዛፉ ካልተቆረጠ እኮ አትመጣም» አለች።

 አንዱ ሳቀ፤ ሳቁ ተዛመተ። የመምህሩ ተማሪ የነበረው ጎንጂሮ፣ ያኔ ገና ጎልማሳ ነው፣ ከኋላ ሆኖ «እማማ ቶኪዋ ለምድጃቸው ለቅሶ ሊቀመጡ ነው!» ብሎ አሾፈ።

መምህሩ አልሳቁም። በዝግታ፣ ለተማሪ እንደሚያስረዱ ሁሉ፣ «ቶኪዋ፣ ይሄ የከሰል ጉዳይ አይደለም። ሻዩን አምጪ» አሉ።

ሻዩን አመጣች።

ገመዱ ተወጠረ፤ ሰሌዳው ተሰቀለ። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ በሚያዝያ የመጨረሻ እሑድ ከየቤቱ አንድ አንድ ሰው ይወጣና ጎን ለጎን ተንበርክኮ፣ ቅጠሉን በአንድ ጣት ቀስ አድርጎ እየገለጠ እንቁላል ይቆጥራል። መምህሩ ከኋላ ሆነው ይመዘግባሉ። በመጀመሪያው ዓመት ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ተገኘ። ቀጥሎ መቶ ስድሳ። ቀጥሎ ዘጠና ሰባት። ሰዉ ብርዱ ነው አለ፤ ጉንዳን ነው አለ፤ መረብ ይዘው የሚመጡ ሌቦች ናቸው አለ። ገመዱ በእጥፍ ተወጠረ። አርባ አንድ። አሥራ ሁለት። መምህሩ በሕይወት ሳሉ በቆጠሩት በመጨረሻው ጸደይ ከአንድ ቅጠል ሥር ዘጠኝ እንቁላል ብቻ ተገኘ። ኅዳር ላይ እሳቸውም አረፉ።

የሙት መታሰቢያው አርባ ዘጠነኛው ቀን ከወጣ በኋላ ቶኪዋ የመምህሩን ዕቃ ስታሰናዳ የመዝገቡን ደብተር አገኘችው። ቁጥሮቹ ሳይሰረዙ ሳይደለዙ በንጹሕ እጅ ተጽፈዋል። የራሱን ጥፋት እየመሰከረበት እንኳ ያልዋሸ እጅ ነው። በመጨረሻው ገጽ ላይ «ዘጠኝ» ከሚለው በታች እጃቸው እየተንቀጠቀጠ እንዲህ ጽፈዋል፦ «ጥላው በዝቷል። ቶኪዋ ያኔ ምን ነበር ያለችው?»

ደብተሩን ጉልበቷ ላይ አደረገችው። አንድ ግድግዳ ነው የለያቸው። እሷ ወጥ ቤት፣ እሳቸው ከመጻሕፍታቸው ጋር። «ቶኪዋ፣ ምን ነበር ያልሽው?» ቢሉ ኖሮ እኮ እጇን ጠርጋ መጥታ ትነግራቸው ነበር። ሰው የገዛ ቃሉን ለማጠፍ ከሁሉ ይልቅ በሚወደው ሰው ፊት ያፍራል። አባቷ መጋዙን የሰቀሉበትን ጣሪያ ቀና ብላ አየች።

እንግዲህ ወደ ተረተሩ እንመለስ። ያን ሥራ ከመጋቢት በረዶ ሌላ የሚያቃልለው የለም። በረዶው ሲጠጥር ሰው አይሰጥምም፤ የተቆረጠው ግንድ በመንሸራተቻ ላይ ተጭኖ ሲጎተት ከሥር ያለውን መሬት አይነካውም። ከቅጠሉ መሀል የተኙትን ሳይረግጡ መቁረጥ የሚቻለው ያን ጊዜ ብቻ ነው። ቶኪዋ ይህን ታውቃለች፤ ግን ማወቅ አለመፍራት አይደለም። በቀን አራት ዛፍ ትጥላለች፣ ሁለቱን ትጎትታለች፣ ተቀምጣ የሩዝ ድቡልቡሏን በኮመጠጠ ፍሬ ትበላለች፣ ደግሞ ትነሣለች። በአምስተኛው ቀን፣ ዛሬ የመንደሩ ሹም የሆነው ጎንጂሮ እያለከለከ ደረሰ።

«እማማ! ምን እያደረጉ ነው?»

«ጠጉር እየላጨሁ።»

«ቀልድ አይደለም እኮ! ገመዱን አላዩትም? ሰሌዳውን አላነበቡትም?»

«አንተ ማንበብ ሳታውቅ ጀምሮ የእሳቸውን ጽሕፈት አነባለሁ። እጅም ነሥቼ ነው የገባሁ።»

«መምህሬ አፈራቸው እንኳ ሳይደርቅ! ዘጠኝ ናቸው የቀሩት፣ ዘጠኝ! ከመሀላቸው አንዱን ቢረግጡስ?»

ቶኪዋ መጋዟን አቆመች። ከተናገረው ሁሉ የከበዳት ይሄ ነው፤ ሌሊትና ቀን ለራሷ የምትለውን ነው መልሶ የነገራት። ከደረቷ ደብተሩን አወጣችና የመጨረሻውን ገጽ ከፍታ ሰጠችው። ጎንጂሮ አነበበው፤ ደግሞ አነበበው።

«ይሄ ጥያቄ ነው» አለ በስተመጨረሻ። «ቁረጡ አይልም።»

«አዎን፣ ጥያቄ ነው። መልሱን እየሰጠኋቸው ነው።»

«ከጠፉ ግን እማማ፣ መንደሩ ይቅር አይልዎትም። እኔም።»

«እኔስ?» አለች። «እኔስ ይቅር የምል ይመስልሃል?»

በዘጠነኛው ቀን የክፋዩን ሥራ ጨረሰች።

በሚያዝያ በረዶው ቀለጠ። ጉቶዎቹ ብቻ እንደ ወለቀ ጥርስ ሥር ቀሩ። መንደሩ ያን ዓመት ቆጠራ አልወጣም፤ «ምን ይቆጠራል? ጉቶ?» አሉ። ቶኪዋ ብቻዋን ከጧት እስከ ማታ ተንበርክካ ቅጠል ገለጠች። ምንም አልነበረም። አንድም ክንፍ አላየችም። ቤቷ ተመልሳ ሾርባዋን አቀረበችና ሳትቀምሰው ቀዘቀዘ። ዘጠኙን የረገጥኳቸው እኔ ነኝ አለች በልቧ። እሳቸው በፍቅር አመነመኗቸው፤ እኔ በማወቄ ጨረስኳቸው።

የካሚዋራ ሰው ሲቆጣ አይጮህም። የመንደሩን ማስታወቂያ ይዞ ከቤት ወደ ቤት የሚዞር አንድ ሰሌዳ አለ፤ ያነበበ ማኅተሙን ያትምና ለጎረቤቱ ያቀብላል። ከዚያ ጸደይ ጀምሮ ያ ሰሌዳ የቶኪዋን ደጅ ዘልሎ ያልፍ ጀመር። ሚትሱ ብቻ በሳምንት አንዴ ኮምጣጤ የገባበት ቀይ ሥር በሳሕን ይዛ፣ ከሳሕኑ ሥር ሰሌዳውን ሸሽጋ ትመጣለች።

«በይ ቶሎ አንብቢው። የቦይ ጠረጋ ቅዳሜ ነው።»

«ካልጠሩኝ ምን አደርጋለሁ?»

«መጥተሽ ትቆሚያለሻ! አካፋ ያዥ የሚልሽ የለም፣ አትያዥ የሚልሽም የለም። የጎንጂሮን ፊት ፈርተሽ ነው? እኔ እኮ ዳይፐሩን ቀይሬለታለሁ!»

ቶኪዋ ሳቀች። በዚያ ዓመት የሳቀችው ስንት ጊዜ እንደሆነ ሚትሱ ብቻ ናት የምታውቅ።

ሄደችም። ቅዳሜ ከቦዩ ዳር ቆመች፤ ማንም ምንም አላላትም፤ ምሳ ላይ ግን ከጎኗ የተቀመጠ አልነበረም። በጋው አለፈ። ከጉቶዎቹ ዙሪያ አዲስ ቡቃያ ፈላ፤ በፀሐዩ ውስጥ የዝንጅብሉ ቅጠል ሰፋ፣ ጠቆረ። መጸው መጣ፤ ክረምቱም ቤቶቹን እስከ መስኮታቸው ዋጣቸው። ቶኪዋ ከመምህሩ ፎቶግራፍ ፊት በየጧቱ ሩዝ ስታስቀምጥ የምትላቸው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ «ጠብቁ። አንድ ጸደይ ይቀረናል።»

በሁለተኛው ሚያዝያ መንደሩ ቆጠራ ወጣ። ለምን እንደወጣ በትክክል የሚናገር አልነበረም፤ ጎንጂሮ በማስታወቂያው ሰሌዳ ላይ «እንደ ወትሮው» ብሎ ጻፈ፣ ሰዉም እንደ ወትሮው ወጣ። ያን ጊዜ ግን ሰሌዳው ቶኪዋ ደጅ ቆመ። ያመጣው ሰው ተጣርቶ አልጠበቀም፤ ከበሩ አጠገብ አስደግፎት ሄደ። ቶኪዋ ማኅተሟን ፍለጋ መሳቢያውን ሁሉ በረበረች።

አሥራ ሰባት ሰው ከጉቶዎቹ መሀል ተደርድሮ ተንበረከከ። ካታኩሪዎቹ ከወትሮው በርክተው ነበር፤ አንዳንዱ ሰው አበባ ላለመርገጥ እንደ ሽመላ እየተራመደ ነው ቦታው የደረሰ። ቶኪዋ ከሁሉ ጫፍ ላይ ያዘች። ደብተሩ ጉያዋ ውስጥ ነው። አንድ ቅጠል ገለጠች፤ ባዶ። ሌላ ገለጠች፤ ባዶ።  እስከ ሠላሳ ድረስ ገለጠችና ከዚያ በኋላ መግለጡን ፈራችው።

በመሀሉ ጎንጂሮ ጎንበስ እንዳለ አልቀና አለ።

«ወገብህን ያዘህ እንዴ?» አለችው ሚትሱ ከጎኑ።

«ዝም በይ።»

«አርጅተሃል ማለት ነው፤ ና ልደግፍህ...»

«ሚትሱ፣ ዝም በይና እዚህ ነይ። ዓይኔን አላምነውም። አንቺ ቁጠሪ።»

ሚትሱ በጉልበቷ እየዳኸች ደረሰች። ቅጠሉን በጣቱ እንደያዘ ነው። ከቅጠሉ ሥር ዕንቁ የመሰሉ፣ ነጣ ብለው ወደ አረንጓዴ የሚያደሉ ጥቃቅን ድቡልቡሎች ተሰልፈዋል።

«አንድ፣ ሁለት...» ሚትሱ በጣቷ እየጠቆመች ቆጠረች። «አሥራ አንድ። ጎንጂሮ፣ አሥራ አንድ!»

ከወዲያ አንዱ «እኔም ጋ አለ!» አለ። ከላይኛው ጉቶ ሥር ሌላው ጮኸ። ካሚዋራ ውስጥ ሰው ሲጮህ የተሰማው ያን ዕለት ነው። በአሥራ አራት ቅጠል ሥር መቶ ሠላሳ ስምንት ተቆጠረ። የዚያች የመጨረሻዋ ቅጠል ልጆች ይሁኑ፣ ወይስ ናዳ ዛፉን ጠርጎ ከገለጠው ከማዶው ተራራ ብርሃኑን አይተው የመጡ፣ የሚያውቅ የለም፤ የጠየቀም አልነበረም።

ቶኪዋ ይህን ሁሉ የሰማችው ከአንድ ጉቶ ላይ ተቀምጣ ነው።  አልረገጥኳቸውም፣ አለች። ከአንድ ዓመት በላይ ደረቷ ላይ የተጫነው ድንጋይ ሲነሣ መጀመሪያ የተሰማት ደስታ አልነበረም፤ ረሃብ ነው። እንደ ልጅ ራባት። ጎንጂሮ ከፊቷ መጥቶ ቆመ፤ ቆቡን አውልቆ ይጨምቃል።

«እማማ...»

«የያዝከው ሩዝ አለ?» አለችው።

ከቦርሳው የሩዝ ድቡልቡል አውጥቶ በሁለት እጁ ሰጣት። በላችው። እያለቀሰች በላች፤ እየበላች ሳቀች። ሚትሱ «አይ ጎንጂሮ፣ ጨው አብዝተሃል፤ እንባዋ ይበቃው ነበር» ስትል ጉቶው ሁሉ ሳቀ። ከዚያ ቶኪዋ ደብተሩን አወጣች፤ ከዚያ ከተንቀጠቀጠው ጥያቄ በታች «መቶ ሠላሳ ስምንት» ብላ ጻፈች። ሌላ ነገር ልትጨምር አሰበችና ተወችው። ለባል የሚሰጥ መልስ ያህል በቂ ነው።

በዚያው ሳምንት መንደሩ በአዳራሹ ተሰበሰበ። ቶኪዋ እንደ ልማዷ ወደ ትሪው ስትሄድ ጎንጂሮ ቀድሟት ተነሣ፤ ከፊት አስቀመጣትና ሻዩን ራሱ ቀዳላት። ተረተሩ እንደ አባቷ ዘመን ከአሥራ ስምንት እንዲከፈል፣ በየመጋቢቱ አንዱ ክፋይ በበረዶ ላይ እንዲቆረጥ ተወሰነ። ወጣቶቹ መጋዝ አያያዝ እንድታሳያቸው ለመኗት። «መጋዙ ይይዛችኋል፤ እናንተ አትያዙት» አለቻቸው። አዳራሹ እንደዚያ ቀን ሞቆ አያውቅም። ከዚያም ጎንጂሮ ገመዱ ተነሥቶ፣ የድሮው ሰሌዳ ወርዶ፣ በምትኩ ስሟ የተጻፈበት የብረት ሰሌዳ ይተከል አለ። ሁሉም አጨበጨበ።

ቶኪዋ ስኒዋን አስቀመጠች።

«ገመዱን ውሰዱት» አለች። «ስሜንም ተዉት፣ አልፈልገውም። አንድ ነገር ብቻ ልለምናችሁ። የእሳቸውን ሰሌዳ ካለበት አታውርዱት።»

«እማማ፣ ‹መቁረጥ ክልክል ነው› ይላል እኮ! ከሥሩ ቆመን እየቆረጥን? እንግዳ ያየ እንደሆነ ይሥቅብናል።»

«ይሣቅ። በዚህ አዳራሽ በእኔ ላይ ተስቆ አልሞትኩም። የሚያነብ ያንብብ፣ የሚቆርጥ ይቁረጥ። እሳቸው ለዚያች ቢራቢሮ ያላቸው ልብ እዚያ እንጨት ላይ ነው ያለው። ዝናብ እስኪያጠፋው ድረስ እዚያው ይቁም።»

ሁሉም በእሺታ ራሱን ነቀነቀ፤ አንዳንዱ ዓይኑን ጠረገ። በወሩ መጨረሻ ብረቱ ተተከለ፤ ስሟም በትልቁ ተጽፎበታል። የድሮውን ሰሌዳ ጎንጂሮ ከሁለት ሰው ጋር ሆኖ ከዛፉ አወረደው፤ ሙጫውን ወልውሎ፣ በሐር ጨርቅ ጠቅልሎ፣ ቶኪዋ ቤት ድረስ አመጣላትና ከደጇ ዝቅ ብሎ እጅ ነሥቶ በሁለት እጁ አስረከባት። ዝቅ ብላ ተቀበለችው፤ አመሰገነችው። የለመነችው ግን ይህን አልነበረም።